ጎማ ሊያይ ነው

ጣርማ በር አፋፉን ጉም ሲያለብሰው፣
ከዋሻው አፍ ወዲህ ዳር ይዤ ቆምኩ፤
ከኋላ አጉረመረመ ተሳፋሪው ሰው፣
እኔ በሩን ከፍቼ ቁልቁል ወረድኩ።
«ምን ሆኖ ነው?» ቢሉት ሽመክት ረዳቴ፣
«ጎማ ሊያይ ነው» አለ፤ ጎማው ግን አንጀቴ።
ስድስቱ ጎማዎች አየር ሞልቷቸዋል፤
ሰባተኛው ብቻ፣ ከቀበቶዬ ስር፣ እሳት ይዞት ውሏል።

ደብረ ብርሃን ናት ዶክተሯ፣ ወጣት፣
በቱቦ ጫፍ መብራት ውስጤን ያየች ሴት።
«ቁስል አለ» አለችኝ። «ምን በልቼ?» አልኳት።
«በልተህ አይደለም፤ የገዛ ዘብህ ነው፣
ሌባ መስሎት ሌሊት ባለቤቱን ገርፎ ቤቱን ያቆሰለው።
ምግብ ዘቡን አንዳንዴ ያስቆጣዋል፣ አንዳንዴ ያበርደዋል፤
የቱ እንደሆነ ግን፣ ያንተን አንተ ጻፈው፣
የሌላ ሰው ሆድ ላንተ አይመሰክርም።
መድኃኒቱንም፣ ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ።»
ከመሳቢያዋ የተማሪ ደብተር አወጣች፣
ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት፤
«ያለ እሱ እንዳትመጣ» ብላ ሰጠችኝ።

ሰኞ። ሸኖ። እርጎ፣ አንድ ብርጭቆ። ጫጫ ሳልደርስ ቆምኩ።
ማክሰኞ። ሩዝና ድንች፣ ያለ በርበሬ። ዝም።
ረቡዕ። ሽሮ፣ ቃሪያ በጎን። አርማኒያ ላይ ሁለቴ።
ሐሙስ። የማክሰኞው ሩዝ፣ የማክሰኞው ድንች።
ሦስቴ።
ሐሙስ የባንኩ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ነበር።
ይህን የት ልጻፈው?
ደብተሩ ለዕዳ የሚሆን አምድ የለውም።

ሞላሌ፣ ያጎቴ የወልደሰንበት ተዝካር ላይ፣
«በሞቴ!» አለች አክስቴ፣ ጉርሻዋ እንደ ጡጫ፤
ባልጎርስላት እሷ ትሞታለች፣
ብጎርስላት እኔ፤
ከሁለት ሞት መካከል አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ።
አንዱ «ቡዳ ነው» አለ፣ ሌላው «ኮሶ ይጠጣ»፣
ሦስተኛው ከመደቡ «አረቄ ያልሻረው በሽታ ከየት መጣ?»
ማንም አላለም፣ «ቀጠን ያለ አጥሚት ይምጣ።»
ያክስቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ፣
ወጡ በክንዷ እየወረደ።
አንጀቴን በላችው፤
እሱም ተበልቶ የተረፈውን አንጀት።

ደብረ ሲና ላይ ማናህሎሽ
አስራ አንድ ዓመት በመስኮቴ ስር ሮጣለች፣
ቆሎዋን እንደ ጧፍ ሽቅብ ይዛ።
ለኔ አንድ እፍኝ በነጻ፣ የገብሱ፣ ሱፍ ያለበት።
ባለፈው ጥር መስታወቱን ዘጋሁባት።
ሦስት ወር ተኮራረፍን፣
ያስኮረፈን ምን እንደሆነ እኔ ብቻ አውቄ።
በሚያዝያ መንገዴ ላይ ቆመች፤ «ምን በደልኩህ?»
ካፌ አመለጠኝ፦ «ሆዴ ነው።
ቆሎሽ እንደ ጠጠር ይቧጥጠኛል።»
ለሚስቴ እንኳ በዚህ ቃል አልነገርኳትም።
ማናህሎሽ ምንም አላለች፤ ሳንቲሟን ቆጥራ ሄደች።
በሳምንቱ ያንኑ ገብስ
ፈትጋ፣ ፈጭታ፣ ሁለቴ በወንፊት ነፍታ፣
በሶ አድርጋ በፌስታል ቋጥራ አቀበለችኝ።
«ጥርሱን አውልቄልሃለሁ» አለች።

ዓርብ። በሶ፣ ሦስት ማንኪያ፣ የማናህሎሽ። ዝም።
ቅዳሜ። ያው በሶ፣ ያው ሦስት ማንኪያ። አንዴ ቆምኩ።
አልሰረዝኩትም።
ዶክተሯ አንብባ «ይህ ይቀጥል ወይስ ይቅር?» ብትለኝ
«ይቀጥል» አልኳት፤ ሳቀች፤ ምክንያቴን አልጠየቀችኝም።

ዛሬም ጉም ነው። ከዋሻው ወዲህ ዳር ያዝኩ።
ሽመክት እንደ ልማዱ «ጎማ ሊያ…» ሲል
ቀደምኩት፤ መሪውን ለቅቄ ዞርኩ፦
«ጎማ አይደለም፣ ወገኖቼ። ሆዴ ነው፣ የታመመ።
ጥቂት ታገሡኝ።»
የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ነበር የሚናገረው።
ከዚያ ከአምስተኛው ወንበር አንድ ሽማግሌ
ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ምርኩዛቸውን አነሡ፤
«ተመስገን!» አሉ።
«ቆይ ልጄ፣ አብረን እንውረድ፤
እኔም ከሸኖ ጀምሮ
ጎማ ማየት አምሮኛል።»